የኮምፒውተር ክፍሉ ይከፈትልን

ይድረስ ለትምህርት ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ
ጎንደር

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በቢሮ በኩል የጻፍኩት መልስ ስላላገኘ ነው። ማመልከቻዬ መዝገብ ቤት ገቢ ሆኗል። ቁጥርም ተሰጥቶታል። ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ተመርቷል። ከዚያ ወዲህ የሰማሁት «በሂደት ላይ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። የእርስዎንም የትምህርት ቤቱንም ስም እዚህ አልጠራም። የትኛውን ክፍል ማለቴ እንደሆነ ግን ያውቁታል። ሪባኑን የቆረጡት እርስዎ ነዎት።

ኮምፒውተሮቹ አዲስ ናቸው። ፕሮጀክተርም አለ። ጠረጴዛው፣ ወንበሩ፣ የመስኮቱ ፍርግርግ ሁሉም ተሟልቷል። በሩ ላይ ሁለት ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። የአንዱ ቁልፍ ንብረት ክፍል ነው፣ የሌላው ርዕሰ መምህሩ ጋ። ሁለቱ ካልተገናኙ በሩ አይከፈትም። የሚገናኙት እንግዳ ሲመጣ ነው። ያን ቀን ተማሪዎች ተሰልፈው ይገባሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ፎቶው ከሪፖርት ጋር ወደ እናንተ ይላካል። ሪፖርቱ የመማር ማስተማሩ ሥራ በቴክኖሎጂ ተደግፏል ይላል። እንግዳው ሲሸኝ ጓጉንቸሩ ወደ ቦታው ይመለሳል።

የንብረት ሠራተኛዋን አልወቅስም። እያንዳንዱን ኮምፒውተር በሞዴል ቅጽ ፈርማ ተረክባለች። አንድ ማውስ ቢጠፋ፣ አንድ ስክሪን ቢሰነጠቅ ከደመወዟ እንደሚቆረጥ ተነግሯታል። በዚያ ደመወዝ የሚኖር ሰው ቢቆልፍ ማን ይፈርድበታል? እኔም በሷ ቦታ ብሆን እቆልፍ ነበር። የምወቅሰው የንብረት መመሪያውን እንዲህ አድርጎ የተረጎመውን ቢሮ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። 10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ አንድ ባትሪና በተከታታይ የተያያዙ ሁለት አንድ ዓይነት አምፖሎች ሰሌዳ ላይ እስላለሁ። «የትኛው አምፖል ይበልጥ ይደምቃል?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛው ክፍል «የመጀመሪያው» ይላል። ከረንቱ፣ ማለትም በሽቦው የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት፣ የመጀመሪያውን አምፖል ሲያልፍ ግማሹ ያልቃል ብለው ነው የሚያስቡት። ይህ የኛ ልጆች ችግር ብቻ አይደለም። በየትኛውም አገር ያለ የፊዚክስ መምህር የሚያውቀው የተለመደ ስህተት ነው። «አያልቅም፣ በሁለቱም እኩል ነው የሚያልፈው» ብዬ ብነግራቸው ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል። ለፈተናም ይሸመድዱታል። ግን አያምኑትም። በሳምንቱ ጥያቄውን ለወጥ አድርጌ ስጠይቃቸው ያው መልስ ይመጣል።

በላብራቶሪያችን የሚሠራ አሜትር (የከረንት መለኪያ) የለም። ስለዚህ የራሴን ላፕቶፕ ይዤ ገባሁ። ፕሮጀክተሩን ከጓደኛዬ ተዋስኩ። ፌት የሚባል የሳይንስ ማሳያ አለ። የአሜሪካው ኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ በነጻ የሚያቀርበው ነው፤ በፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው። አንዴ ካወረዱት ኢንተርኔት አይፈልግም። ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል ስክሪኑ ላይ እየጎተቱ ይገጣጥማሉ። ኤሌክትሮኖቹ በሽቦው ውስጥ ሲሄዱ ይታያሉ።

ከመክፈቴ በፊት ሁሉም ግምቱን ከነምክንያቱ በወረቀት እንዲጽፍ አደረግሁ። ዋናው ነገር ይሄ ነው። ሳይገምት የሚያይ ልጅ ሲኒማ ነው የሚያየው። ገምቶ የሚያይ ልጅ ግን የገዛ ሐሳቡ ሲፈተን ያያል። ከዚያ እነሱ ራሳቸው እየወጡ ገጣጠሙት። ሁለቱ አምፖሎች እኩል በሩ። ክፍሉ ዝም አለ። በኋላ ከኋላ ወንበር የማትናገር አንዲት ልጅ ወጣች። ሽቦውን ስትቆርጠው ሁለቱም ጠፉ። ትንሽ ቆም አለችና «ታዲያ ቤት ውስጥ የአንዱ ክፍል መብራት ሲጠፋ የሌላው ለምን አይጠፋም?» አለች። የሚቀጥለውን ሳምንት ትምህርት፣ በትይዩ የሚያያዙ አምፖሎችን፣ እሷው ጀመረችው። ያ ክፍል እንደዚያ ቀን ሲከራከር ሰምቼው አላውቅም።

ከእናንተ ቢሮ የመጣው ሱፐርቫይዘር በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አልገባም። ምንም አልጠየቀኝም። ከቀናት በኋላ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ያልተፈቀደ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ክፍል ውስጥ አስገብቻለሁ፤ ተማሪዎች እንዲነኩት ፈቅጃለሁ፤ በአጎራባች ክፍሎች ላይ ረብሻ ፈጥሬአለሁ። ቢደገም በዲሲፕሊን እጠየቃለሁ። ግልባጩ ከግል ማህደሬ ጋር ተያይዟል።

ክቡር ኃላፊ፣ መመሪያውን ከእኔ በላይ ያውቁታል። መምህር በትምህርት መርጃ መሣሪያ እንዲጠቀም የሚያበረታታ መሆኑንም ያውቃሉ። የሥራ አፈጻጸም ምዘናዬ ላይ በቴክኖሎጂ መጠቀሜ ነጥብ አለው። ነጥቡን የሚሞላውና ማስጠንቀቂያውን የጻፈው አንድ ቢሮ ነው። የኔ ላፕቶፕ ያልተፈቀደ ከሆነ የተፈቀደው የት ነው? ከክፍሌ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ በሁለት ጓጉንቸር ተዘግቶ።

ቴክኖሎጂ ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። እኔ ራሴ በፕላዝማ የተማርኩ ነኝ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ገባ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይተላለፍ ነበር። አስተማሪዋ በማናውቀው የእንግሊዝኛ ቅላጼ ትናገራለች፣ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቅና ራሷ ትመልሳለች። እኛ ጥያቄውን ጽፈን አልጨረስንም። መምህራችን ጥግ ይዘው ይቆማሉ። እጅ ብናወጣ ማን ይሰማናል? መብራት ከሄደ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት አበቃ፤ ሳተላይቱ ጎንደርን አይጠብቅም። ገንዘቡ ወጥቷል፣ መሣሪያውም ሠርቷል። ግን መምህሩን «ቆይ፣ እዚህ ጋ አልገባቸውም» ለማለት የማይችል አድርጎት ነበር።

ይህ ደግሞ የአቋቋም (የቤተ ክርስቲያን ዜማና ሽብሸባ) ትምህርት ምስክር የሆነችው የበዓታ ቤተ ክርስቲያን ባለችበት ከተማ ሊጠፋን የማይገባ ነገር ነው። የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያስታውሳል። ስንደዶው በልጁ እጅ ነው። ልጁ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ ይጠራል፤ የኔታ የት እንደደረሰ ያያሉ፣ ሲስት እዚያው ያርሙታል። መሣሪያው በተማሪው እጅ፣ ጆሮው በመምህሩ ዘንድ። በፕላዝማ ጊዜ ሁለቱም ጠፉ። አሁን ደግሞ መሣሪያውን ጭራሽ ቆልፈንበታል።

ስለ አንዲት ተማሪ ልንገርዎት። ስሟን አልጠቅስም። ከከተማው ዳር በእግሯ እየተመላለሰች የምትማር፣ ከክፍሏ ቀዳሚ የሆነች ልጅ ናት። ከ2016 ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት መጀመሩን ያውቃሉ። ለዚህ ልምምድ ተብሎ የኮምፒውተር ክፍሉ ፈተናው ሲቃረብ ለአንድ ከሰዓት ተከፈተ። እኔም ለማገዝ ገብቼ ነበር። ማውሱን በግራ እጇ ይዛ በቀኝ እጇ ጣት ትጫናለች። ቀስቱ በሄደችበት አይሄድላትም። የእንግሊዝኛ ምንባብ መጣላት። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን አንብባ ወደ ጥያቄዎቹ ሄደች። መልሱ ከምንባቡ ውስጥ የለም። ደጋግማ አነበበች፣ አሁንም የለም። ከጎኗ ያለው ልጅ የማውሱን ጎማ ሲያሽከረክር አየችና ዞራ «ወደ ታችም አለው እንዴ?» አለችኝ። «እኔ እኮ ያለቀ መስሎኝ ነው።»

ይህቺ ልጅ እንግሊዝኛ ታውቃለች። ምንባቡ ይገባታል። የማታውቀው ጎማ ማሽከርከር ነው፤ እሱንም ለማወቅ ደቂቃ አልፈጀባትም። ግን አሳዩኝ ብትል ኖሮ የሚያሳያት በር ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ ነበር። ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ልጅ ግን ከእሷ ጋር አንድ ዓይነት ፈተና ይቀመጣል። በ2014 በአገር አቀፍ ፈተናው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2። እንዲህ ባለ ጊዜ የአንዲት ጥያቄ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም። ያቺ ልጅ ያጣችውን ማንም በሪፖርት አልጻፈውም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሌላም አለ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመ መጽሐፍ አልደርስ አለ። ለተማሪዎች የተነገራቸው ፒዲኤፉን ከቴሌግራም አውርዱ ነው። ስልክ ያለው አወረደ። የሌለው ፒያሳ ኮፒ ቤት ሄዶ የገጹን ዋጋ ጠየቀና ምዕራፍ አንድን ብቻ አሳትሞ ተመለሰ። ያኔ ክፍሉ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ቢከፈት መጽሐፉን ቁጭ ብለው ማንበብ ይችሉ ነበር። ፋይሉን በፍላሽ የሚጭን ሰው አይጠፋም።

«ኢንተርኔት ስለሌለ ነው» የሚለውን መልስ አልቀበልም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሲቆይ ከማንም በላይ የተጎዳነው እኛ ነን። እንዲያም ሆኖ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነገር ሞልቷል። ኮሊብሪ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ትምህርቱን ይይዛል፤ ሌሎቹ በክፍሉ ውስጥ ባለ ራውተር ብቻ ይገናኙታል። ለሒሳብ ጂኦጀብራ አለ። ፌትን ነግሬዎታለሁ። ሁሉም በነጻ ናቸው። በጀት አልጠየቅኩዎትም።

ተጨማሪ ኮምፒውተር ግዙልንም አላልኩም። ፔሩ ከ850 ሺህ በላይ ላፕቶፕ ለተማሪዎች አከፋፍላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሰፊ ጥናት በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም። ዕቃው ብቻውን አያስተምርም። መቼ እንደሚከፈት፣ መቼ እንደሚጠፋ፣ የቱ ትምህርት በቾክ እንደሚበቃና የቱ እንደማይበቃ የሚያውቅ መምህር ያስፈልገዋል። የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ ቀመር ለመፍታት ሰሌዳ ይበቃኛል። ከረንት አያልቅም ብዬ ለማሳመን ግን አልበቃኝም። ይህን ለይቶ መወሰን የኔ ሙያ ነው። ከቢሮ ሆኖ የሚወስንልኝ ሰው አያስፈልገኝም።

የምጠይቅዎት ይህን ነው። በትምህርት ሥራ ላይ እያለ በቅን ልቦና ለሚበላሽ ዕቃ መምህሩም የንብረት ሠራተኛዋም በደመወዛቸው እንደማይጠየቁ በጽሑፍ ያሳውቁ። ያ ደብዳቤ ከወጣ ጓጉንቸሩን የሚከፍት ይገኛል። ክፍሉ እንደማንኛውም ክፍል በክፍለ ጊዜ ድልድል ውስጥ ይግባ። 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ ሁሉ ከመስከረም ጀምሮ ማውስና ኪቦርድ ይንካ፤ የፈተናው ሳምንት እስኪደርስ አይጠበቅ። በዓመት 60 ሰዓት ከምናሳልፍበት የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) ጊዜ ላይ የተወሰነውን እዚያ ክፍል ውስጥ እናሳልፈው፤ ፋይል ከመሙላት ይልቅ አንዳችን ያዘጋጀነውን ትምህርት ለሌላው እናሳይ። ሱፐርቫይዘሮቻችሁም ገብተው ይቀመጡ። ሲወጡ ስንት ኮምፒውተር እንዳለ ሳይሆን ልጆቹ ምን እንደገባቸው ይጠይቁ።

ማስጠንቀቂያው ከማህደሬ ይነሳ። ይህን የምለው ለእድገቴ ብዬ ብቻ አይደለም። ያን ደብዳቤ ያዩ ባልደረቦቼ ላፕቶፓቸውን ቤት ትተው መምጣት ጀምረዋል። አንዷ የባዮሎጂ መምህርት የሕዋስ ክፍፍልን የምታሳይበት ጥሩ ምስል ነበራት። አሁን እሱን ትታ በሰሌዳ ትስላለች። «ምን አገባኝ» አለችኝ። ይህን ቃል ከሷ አፍ እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

መልስዎን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሳያልቅ ይሁን፤ የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ዘንድሮም እየደረሰ ነው፣ እኔም ያንኑ ትምህርት በዚያው መንገድ አስተምራለሁ።

የፊዚክስ መምህር
ጎንደር