ለፀዲ፦ ስለ ኤልዳና ልደት

ውድ ፀዲዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ እማማስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ተጠፋፍተን ቆይተን ኤልዳና ኅዳር 28 አምስት ዓመት ሊሞላት መሆኑን ከእህትሽ ስሰማ ደስታውም ናፍቆቱም አንድ ላይ መጣብኝ። በኮሚናሉ አዳራሽ ልታከብሪላት እንዳሰብሽ፣ ግን ከየት እንደምትጀምሪ ግራ እንደገባሽ ነገረችኝ። ውሎዬ ከዚሁ ሥራ ጋር ስለሆነ የሚጠቅምሽን ሁሉ እጽፍልሻለሁ።

አዳራሹ፣ ዲኮሩና ዲጄው ይቆዩ። መጀመሪያ ልጅቷ በዚህ ሰሞን አፏን የማይለቀው ነገር ምን እንደሆነ ለዪ። እህትሽ እንዳለችኝ ከእንስሳት ወሬ ሌላ አትሰማም። እንግዲያው ልደቷ የአገሯ የዱር እንስሳት ልደት ይሁን። ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይበቃሉ፤ አራተኛ አትጨምሪ። ጭብጥ ያለው ልደት የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በገንዘብ ማነስ አይደለም። አንዱ ግድግዳ ላይ አንበሳ፣ ሌላው ላይ ልዕልት፣ ኬኩ ላይ መኪና ሲደረግ ልጁ የትኛውን ይዞ ይጫወት? ቀለሙንም ቡናማ፣ ቀይና የሣር አረንጓዴ ብቻ አድርጊው።

ከሱቅ የታተመ ባነር ከመግዛት ልጆቹ ራሳቸው የሚሠሩት ነገር ይበልጣል። የዋልያ ቀንድ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ። ከካርቶን 4 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 55 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ማሰሪያ ቁረጪ። የአምስት ዓመት ልጅ የራስ ዙሪያ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ የሚተርፈው ለመደራረቢያ ይሆናል። ቀንዶቹን 25 ሴንቲ ሜትር አድርገሽ ወደ ኋላ እንደ ማጭድ ቆልምሚያቸው፤ ከሥራቸው ግን 5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተዪ። ትርፉን አጥፈሽ ከማሰሪያው ጋር በስቴፕለር ምቺው። በኮላ ብቻ ከተጣበቀ ቀንዱ በክብደቱ ተላቅቆ ልጁ ዓይን ላይ ይወድቃል። የስቴፕለሩ ሹል ጫፍ ወደ ውጭ ይዙር፣ በላዩም ፕላስተር ለጥፊበት፤ አለበለዚያ ግንባር ይቧጭራል። ቆርጦ መምታቱን ከቀደመው ቀን ጨርሺ። ለልጆቹ የሚቀረው ማቅለምና ቀንዱ ፊት ለፊት ላይ ያሉትን ጉብታዎች በጭረት መሣል ነው። የእውነተኛው ወንድ ዋልያ ቀንድ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ እንደሚችል፣ እንስሳውም በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች ሌላ መኖሪያ እንደሌለው እየሠሩ ንገሪያቸው፤ ዓይናቸው ሲፈጥ ታያለሽ። ጭላዳ መሆን ለፈለገ ልጅ ቡናማ ወረቀት ደረቱ ላይ ለጥፈሽ መሐሉን ቀይ አድርጊለት።

ይህን ሥራ የመግቢያ ጊዜ ሥራ አድርጊው። የልጆች ልደት በአብዛኛው የሚሞተው በመጠበቅ ነው። ጥሪው 8 ሰዓት ይባላል፣ ትልልቆቹ እንግዶች 10 ሰዓት ይመጣሉ፣ ኬኩ ሲመሽ ይቆረጣል፤ እስከዚያ ልጆቹ ለስላሳና ከረሜላ ጠግበው ባለልደቷ ራሷ እያለቀሰች ነው። ስለዚህ ጥሪው ላይ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ተኩል ብለሽ መጨረሻውንም ጻፊ። ቀድሞ የደረሰ ልጅ ቀጥታ ወደ ቀንዱ ጠረጴዛ ይሂድ፤ ዘግይቶ የመጣም የተቆረጠውን አንሥቶ ይቀላቀላል። 8 ሰዓት ተኩል ላይ ጨዋታ፣ ከዚያ ሳምቡሳ፣ 9 ሰዓት ከሩብ ላይ ኬክ። ማንም ይቅር ማንም፣ ኬኩ በሰዓቱ ይቆረጥ። ትልልቆቹን ከ9 ሰዓት ጀምሮ ለቡና ጥሪያቸው፤ ለሻማውም ይደርሳሉ። ዋሽንግተን ያለችው አክስቷም በቪዲዮ ማየት ትፈልጋለች ብዬ አስባለሁ፤ የእኛ 9 ሰዓት በዚያ ወቅት እዚያ ከንጋቱ 1 ሰዓት ነው፣ አስቀድመሽ ንገሪያት።

ለጨዋታው ከውጭ የመጣ ነገር አያስፈልግሽም። አኩኩሉ ተጫወቱ፤ ፈላጊው ቀይ ቀበሮ፣ የሚደበቁት የባሌ አይጦች ይሁኑ። ቀይ ቀበሮ እውነትም በአይጥ ነው የሚኖረው። "አልነጋም" እያሉ ሲጮኹ አዳራሹ በሙዚቃ ከሚሞላው በላይ ይሞላል። ሰኞ ማክሰኞውን ደግሞ በጠመኔ እንደ ተራራ ሣዪው፤ ሳጥኖቹ ላይ 1,000፣ 2,000፣ 3,000፣ 4,000፣ በመጨረሻው ላይ 4,550 ብለሽ ጻፊ፣ የራስ ዳሸን ጫፍ መሆኑ ነው። ሲደክማቸው አስቀምጠሻቸው እንቆቅልሽ፤ "ሣር ይበላል፣ ደረቱ ቀይ ነው" ብለሽ ጀምሪ፣ ያልመለሰ አገር ይስጥ። አንድ ጨዋታ ከ10 ደቂቃ አይለፍ፤ ገና ሳይሰለቻቸው ቀይሪው።

አሁን ወደ ኬኩ። ቀኑ በነቢያት ጾም ውስጥ ስለሚውል የጾም ኬክ ጋግሪ። ልጆቹ ገና ጾም ባይጀምሩ እንኳ እናቶቻቸውና አያቶቻቸው ይጾማሉ፤ በልጅ ልደት ላይ ሳይቀምሱ የሚሄዱ ሰዎች ቢኖሩ ደስ አይልም። ለ23 በ33 ሴንቲ ሜትር መጋገሪያ የሚሆነው ይኸው፦ ዱቄት 3 ኩባያ ከ2 የሾርባ ማንኪያ፣ ስኳር 2 ኩባያ ሆኖ ከላዩ 4 የሾርባ ማንኪያ የተቀነሰለት፣ ካካዎ 6 የሾርባ ማንኪያ፣ ቤኪንግ ሶዳ 1 ከሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ጨው 1 የሻይ ማንኪያ። በሌላ ዕቃ ዘይት ሦስት አራተኛ ኩባያ፣ አቼቶ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ቀዝቃዛ ውሃ 2 ኩባያ ከ4 የሾርባ ማንኪያ። ኩባያው 240 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ነው።

መጠኑ ከሌላ አገር አሠራር ጋር ለምን እንደማይገጥም ትጠይቂ ይሆናል። ለባሕር ዳርቻ ከተማ የተጻፈው 2 የሻይ ማንኪያ ሶዳ ይላል። አዲስ አበባ ግን ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ በኃይል ይነፋል፣ ኬኩ ሳይበስል ቀድሞ ይነሣና መሐሉ ይሰምጣል። ውሃውም ቶሎ ይተናል፤ ስኳሩ ካልተቀነሰ ኬኩ ይፈራርሳል። "ኬክ አይሆንልኝም" ከሚሉት ብዙዎቹ ጥፋቱ የእጃቸው አይደለም፣ የሶዳው ብዛት ነው።

ምድጃውን አስቀድመሽ 185 ዲግሪ አድርሺው። ደረቁንና እርጥቡን የምትቀላቅዪው የመጨረሻ ላይ ነው፤ አቼቶው ሶዳውን እንደነካ መንፋት ስለሚጀምር ሊጡ ቆሞ ከጠበቀ ነፋሱን ይጨርሳል። ዱቄቱ እስኪጠፋ ብቻ አማስይው፤ ብዙ ከተመታ ይደርቃል። ከ25 ደቂቃ በፊት በሩን አትክፈቺ፤ ከዚያ ስቴኪኒ ሰክተሽ ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ አውጪው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ጋገራው ከዋዜማው ምሽት አይለፍ፤ ደግሞም ይህ ኬክ ያደረ ለታ ይበልጥ ይለሰልሳል። በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ 2 ኩባያ የላመ ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ካካዎና 3 የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ በጥብጠሽ ቀቢው። ትኩስ ላይ ከቀባሽው ቀልጦ ይወርዳል። ጫፉ ላይ የደቀቀ ብስኩት እንደ ተራራ ቆልለሽ የወረቀት ዋልያ አቁሚበት። ከላይ 4፣ ከጎን 6 አድርገሽ ብትቆርጪው 24 ቁራጭ ይወጣዋል።

አሥራ ሁለት ልጅ ጥሪ፤ ለ18 አዘጋጂ። ታናሽና ታላቅ ተከትለው መምጣታቸው አይቀርም፣ እሰየው ይምጡ። ለአንድ ልጅ 2 ኩባያ መጠጥ ብንል በ200 ሚሊ ሊትር ኩባያ 8 ሊትር ይበቃል። የምስር ሳምቡሳው በነፍስ ወከፍ ሦስት ሦስት፣ ቃሪያ የሌለበት። ለፈንዲሻው ግማሽ ኩባያ በቆሎ አንድ ትልቅ ሳህን ይሞላል። ከአራት ዓመት በታች ላሉት ግን ፈንዲሻም ኦቾሎኒም አትስጪ፣ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ ካለ እናቶችን ስትጠሪ ጠይቂ።

ፊኛውን በእጅ ፓምፕ በአየር ንፊው። የጋዝ ፊኛ ከፈለግሽ ጋዙ ሂሊየም መሆኑን ሳታረጋግጪ አትግዢ፤ ሃይድሮጅን ከሆነ ከሻማ ጋር አንድ ቤት መግባት የለበትም፣ ይፈነዳል። 3 ሜትር ለሚሆን ቅስት ትልቅና ትንሽ ተደባልቆ ከ80 እስከ 100 ፊኛ ይፈልጋል። ሁለት ሁለቱን አንገት ለአንገት እሠሪ፣ ሁለት ጥንድ ጠምዝዘሽ አራት አድርጊ፣ ከዚያ በናይለን ክር ላይ ጠምጥሚ። 30 ሴንቲ ሜትር የሚባለውን 26 ላይ አቁሚው። የኅዳር ጠዋት ብርድ ነው፤ በብርዱ ጥግ ድረስ የተነፋ ፊኛ ከሰዓት ፀሐይ ሲያገኘው አየሩ ይሰፋና ተራ በተራ ይፈነዳል፣ ትንንሾቹም ይደነግጣሉ። የፈነዳውን ቁራጭ ወዲያው የሚለቅም አንድ ጎረምሳ መድቢ፤ ሕፃን አፍ ውስጥ ከገባ ትንፋሽ ይዘጋል። ቅስቱና ሻማው ቢያንስ ሁለት ሜትር ይራራቁ፤ የኤልዳናንም ፀጉር ሻማው ሳይለኮስ ወደ ኋላ እሠሪላት።

ድምፅ ማጉያው ቻርጅ የተደረገ ይሁን እንጂ ጮክ አይበል፤ አያትየው ሲመርቁ መሰማት አለባቸው። ምርቃቱን ከኬኩ በፊት አድርጊው፤ ኬክ ከታየ በኋላ ልጅ አሚን አይልም።

የቀንዱንና የቀበሮውን ጭንብል ልክ በወረቀት ሣዬ በቴሌግራም እልክልሻለሁ፤ በትልቁ አሳትመሽ ካርቶኑ ላይ አስቀምጠሽ ትቆርጫለሽ። ኤልዳና ከሦስቱ የትኛውን መሆን እንደምትፈልግ ራሷን ጠይቀሽ እስከ ቅዳሜ ንገሪኝ፣ የእሷን ለብቻ ላሳምርላት። እማማን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ፣
ሂሩት