የቅዳሜው ርዕስ፦ የኑክሌር ሬአክተር ከጠፋ በኋላ

ውድ አባላት፣

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት እንደተለመደው ፒያሳ እንገናኝ።

ባለፈው «ሬአክተሩ ከጠፋ ምን ያሰጋል?» የሚል ጥያቄ ተነስቶ ነበር። ግሩም ጥያቄ ነው! ሬአክተር፣ ማለትም ከኑክሌር ነዳጅ ሙቀት የሚያመነጨው ምድጃ፣ ቢጠፋም ነዳጁ ሙቀት ማመንጨቱን አያቆምም። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንኳ ከሙሉ ኃይሉ 1.5 ከመቶ ገደማ ይቀራል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን 3,000 ሜጋዋት ሙቀት ለሚያመነጭ ሬአክተር 45 ሜጋዋት ማለት ነው። ውሃ ካልደረሰለት ነዳጁ ይቀልጣል።

ጃፓን ውስጥ ባለው የፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2011 ሱናሚው የማቀዝቀዣ ውሃ ፓምፖቹን የሚያንቀሳቅሱትን የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮች ከጥቅም ውጭ አደረገ። ዚርኮኒየም ከተባለ ብረት የተሠራው የነዳጁ ሽፋን ሲግል ከእንፋሎት ጋር ተዋህዶ ሃይድሮጅን ፈጠረ። ሕንፃዎቹን ያፈነዳው እሱ ነው።

ለእኔ ትልቁ ተስፋ ያለ ኤሌክትሪክ፣ በስበት ኃይል ብቻ ውሃ የሚያወርደው ማቀዝቀዣ ነው። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ለጎንደር ሰው አይነገርም። ሰፊውን ሰዓት ለዚህ ማቀዝቀዣ እንስጠው። ፊዚክስ የምታስተምሩ፣ ተማሪዎቻችሁንም ይዛችሁ ኑ።