ለዓውደ ርዕይሽ የደከሙትን ስታመሰግኚ

ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የሥዕል ዓውደ ርዕይሽ እሑድ እንደሚዘጋ፣ በማግስቱም ለረዱሽ ሁሉ አንድ የምስጋና ጽሑፍ እንደምትለጥፊ ነግረሽኛል። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ግን መጨረሻ ላይ ይምጣ። ከእሱ በፊት በእጅና በእግር የሚሠራ ምስጋና አለ። አዳራሹን ከለቀቅሽ በኋላ ግማሹን መሥራት ስለማይቻል ነው ዛሬ የምጽፍልሽ።

ማታ ደብተር ያዢና የረዱሽን ጻፊ። ስትጽፊ ከሰው ሳይሆን ከሥራው ተነሺ፤ ከሰው ከተነሳሽ የቅርቦችሽ ቶሎ ይመጡና ሌላው ይቀራል። ሸራው ከተወጠረበት ቀን ጀምሪ፦ እንጨቱን ማን ቆረጠ፣ ፍሬሙን ማን ገጠመ፣ ግድግዳውን ማን ቀባ፣ ሥዕሎቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ኢሱዙ ላይ ማን ጫነ፣ ማን ሰቀለ፣ መብራቱን ማን ቀጠለ፣ መግለጫዎቹን ማን አረመ፣ በመክፈቻው ዕለት ሲኒ ማን አጠበ፣ ማታ ማታ በሩን ማን ዘጋ። ከየስሙ ጎን የሠሩትን ሥራ፣ ያዋሱሽን ዕቃና ከኪሳቸው ያወጡትን ገንዘብ አስፍሪ። ገንዘቡ ሁልጊዜ ይረሳል። የአጎትሽ ልጅ በታክሲ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል፤ ጓደኛሽ ሚስማርና ሽቦ ስትገዛ ደረሰኝ አልያዘችም። ያ ዕዳ ነው፣ በምስጋና አይከፈልም። ጠይቀሽ መልሺ፤ «ተዪው» ካሉሽ ያኔ ስጦታ ሆኗልና እንደ ስጦታ አመስግኚ። ገንዘብ ላዋጡልሽ ደግሞ ዋናው ምስጋና ሒሳብ ነው፦ ይህን ያህል ተቀበልኩ፣ ይህን ያህል ለፍሬም፣ ይህን ያህል ለአዳራሽ፣ ይህን ያህል ለኅትመት ዋለ። አንድ ገጽ ይበቃል።

«ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ» አትበዪ። ሰው ደስ የሚለው የደከመበት ቦታ ሲታወቅለት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ሥራውን ራሱን ማወቅ አለብሽ። ሥዕሎቹን የሰቀሉልሽ ልጆች ያደረጉትን ልንገርሽ። የሁሉም ሥዕል መካከል ከወለሉ 152 ሳንቲ ሜትር ላይ እንዲውል ነው የተስማሙት፤ ቆሞ የሚያይ ሰው ዓይን እዚያ አካባቢ ያርፋልና። ሥዕሎቹ ቁመታቸው ስለሚለያይ የሚስማሩ ቦታ ለየአንዳንዱ ለብቻው ይሰላል። 152 ላይ የሥዕሉን ቁመት ግማሽ ይደምራሉ፣ ከዚያ ከፍሬሙ ጀርባ ያለው መስቀያ ሽቦ ሲወጠር ከፍሬሙ የላይኛው ጠርዝ የሚወርድበትን ይቀንሳሉ። ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር ለሆነ፣ ሽቦው 6 ለሚወርድ ሥዕል 152 ሲደመር 40 ሲቀነስ 6፣ 186 ላይ ይበሳል። ሽቦውን ሳይወጥር የለካ ሰው ሥዕሉን ዝቅ አድርጎ ይሰቅለውና ረድፉ ይሰበራል። የእናንተ ግድግዳ ደግሞ የድሮ ነው፤ በ6 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ የተበሳው ቀዳዳ እየተፈረፈረ ስለሰፋ ፊሸሩን፣ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን ላስቲክ፣ በ8 ለውጠው እንደገና መጀመር ነበረባቸው። ትልቁን ሥዕል ያለ ሽቦ፣ በሁለት ሚስማር ላይ ያዋሉት በሩ በተዘጋ ቁጥር እንዳይዘነበል ነው። እንግዳ ይህን ሁሉ አያይም፤ የሚያየው ቀጥ ያለ ሥዕል ብቻ ነው። እንግዲያው አንቺ አይተሽላቸው ንገሪያቸው፦ «26 ሥዕል በውሃ ልክ እያያችሁ ስትሰቅሉ አመሻችሁ፤ እስከ ዛሬ አንዱም አልተዛነፈም።»

አሜሪካ ያለችው አክስትሽ መብራት ላከች ብለሽ አትለፊው። እዚያ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። እሷ ካርቶኑን አገላብጣ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚለውን ባትመርጥ ኖሮ አምፖሎቹ ገና ሲሰኩ ይቃጠሉ ነበር። ሲአርአይ የሚባለው የቀለም መለኪያው ከ90 በላይ የሆነውን መፈለጓም ትልቅ ነገር ነው፤ ዝቅ ባለው አምፖል ቀይ ቀለምሽ ደብዝዞ ወደ ቡኒ ይሄድ ነበር። የድምፅ መልእክት አይበቃትም። መብራቱ ሲጠፋና ሲበራ አንዱ ሥዕል እንዴት እንደሚለወጥ የሚያሳይ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ላኪላት፤ በሩቅ ሆኖ የረዳ ሰው የላከው ዕቃ ምን እንደሠራ በዓይኑ አላየም። ኤሌክትሪሻኑንም አስቢው፦ መብራቱን ወደ 30 ዲግሪ አዘንብሎ ባያስረው ኖሮ በመስታወት የተሸፈኑት ሥዕሎች ላይ ሰው የሚያየው የራሱን ፊት ነበር።

አሁን ወደ ስሞቹ። ጽሑፉን ከመለጠፍሽ በፊት፣ እስከ ዓርብ፣ የረዱሽ ሰዎች ስም ያለበት 40 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፎም ቦርድ አሳትሚና ከመውጫው በር አጠገብ ስቀዪው፤ ሰዎቹ ስማቸውን ግድግዳው ላይ ያዩታል፣ ፎቶም ይነሱበታል። ከማሳተምሽ በፊት ለየአንዳንዳቸው ደውለሽ ስማቸውን እንዴት እንደሚጽፉት ጠይቂ። ፀሐይ ወይስ ጸሐይ? ኃይሉ ወይስ ሃይሉ? ዓለሙ ወይስ አለሙ? ኮምፒውተር አይነግርሽም፣ ባለቤቱ ግን ያውቃል፤ የተሳሳተ ስም ደግሞ ካልተጻፈ ስም ይብሳል። አንዱን በማዕረግ ጠርተሽ ሌላውን በባዶ ስም አትተዪ፤ ወይ ለሁሉም አቶ፣ ወይዘሮ፣ ዶክተር በዪ፣ ወይ ለማንም አትበዪ። ዝርዝሩን በፊደል ተራ አድርጊውና ከሥሩ «በፊደል ተራ» ብለሽ ጻፊበት፤ ያኔ ማን ቀደመ፣ ማን ኋላ ቀረ የሚል ቅሬታ አይነሳም። ስሙ እንዲጻፍ የማይፈልግም አለ፤ ገንዘብ የሰጠን ሰው በተለይ ሳትጠይቂ አታውጪው። ሌላ ሰው ያነሳውን ፎቶ ስትለጥፊም ከሥሩ «ፎቶ፦» ብለሽ የአንሺውን ስም አስቀምጪ።

አንድ ከባድ ነገር አለ። የረዳና አብሮ የሠራ አንድ አይደሉም። የአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን ባለቀለም የመስታወት ሥዕል የነደፈው ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ነው፤ መስታወቱን የሠሩት ግን በፈረንሳይ አገር ያሉ ባለሙያዎች ናቸው። ዋሽንግተን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ያለው «ኔክሰስ» የተባለው የጥበብ ሥራ ደግሞ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ከሠዓሊዋ ከበደች ተክለአብ ጋር የሠራው ነው፤ እሷ በምስጋና ዝርዝር ውስጥ የምትገባ ረዳት ሳትሆን የሥራው ባለቤት ናት። የዓውደ ርዕይሽን ሦስተኛ ክፍል አስቢው። እዚያ ያሉትን ሽመናዎች የሠራችው ጓደኛሽ ጥለቱንና ቀለሙን ራሷ ከመረጠች፣ ስሟ ከሥራው ርዕስ ጎን ይግባ፣ ከሽያጩም ድርሻዋን ትውሰድ። አንቺ የነደፍሽውን ብቻ ከሸመነች ግን ክፍያዋንና ምስጋናዋን ስጪያት። ይህን ከእሷ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ እንጂ ብቻሽን አትወስኚ።

ስጦታ ከሰጠሽ ከእጅሽ የወጣ ይሁን። የዘይት ቀለም ሥዕል ግን አሁን አትስጪ፤ ላዩ የደረቀ ቢመስልም ወፍራሙ ቀለም እስከ ውስጥ ለመድረቅ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይፈልጋል፣ ሲጠቀለል ላስቲኩ ይጣበቅበታል። ሊኖሊየም (ለስላሳ የወለል ንጣፍ) ላይ ከተቀረጸ አንድ ሥዕል 20 ቅጂ ማተም ይሻልሻል። በእርሳስ በግራ ቁጥሩን፣ 3/20 (ከ20ው ሦስተኛው) እንደሚባለው፣ በመሀል ርዕሱን፣ በቀኝ ፊርማሽን ጻፊ። በጋዜጣ አትጠቅልዪው፤ የጋዜጣው ቀለም ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ባለመስታወት ፍሬም የሚያሠሩለትም በመስታወቱና በሥዕሉ መካከል ወፍራም ካርቶን እንዲያስገቡ ንገሪያቸው፣ ካለዚያ በእርጥበት ወቅት ይጣበቃል።

እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ሥዕሎቹ ገና ሳይወርዱ፣ የረዱሽን ብቻ ለቡና ጥሪ። በመክፈቻው ዕለት እነሱ ወንበር ሲያቀርቡና ሲኒ ሲያጥቡ ነበር፣ ሥዕሎቹን በእርጋታ አላዩም። ጥበቃውንና ጽዳት የምትሠራዋን እናት አትርሺ። ቁርሱ ዳቦና ቆሎ ይሁን፣ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ፤ ጾም የያዘውም ሙስሊሟ ጓደኛሽም አንድ ላይ ይቀምሳሉ። ንግግር አታብዢ። አቦሉ ሲቀዳ ታላላቆቹን አመስግኚ፣ ከዚያ ከእያንዳንዱ ጋር አንድ ሥዕል ፊት ቆመሽ በደብተሩ የያዝሽውን ንገሪው። በረካው ሳይደርስ ማንም አይሂድ።

ሥዕል ያዋሱሽ ሁለቱ ሰዎች ጋ በሦስት ቀን ውስጥ ራስሽ ሂጂ። ከመጠቅለልሽ በፊት በስልክሽ ባትሪ ከጎን እያበራሽ ማዕዘኖቹንና የቀለሙን ላይ እዪ፤ ከጎን ሲበራ ስንጥቅና ጭረት ይታያል። ስትቀበዪ ካነሳሽው ፎቶ ጋር አስተያዪው፣ ቤታቸው ስትደርሺ አብረሽ ፈትተሽ አሳዪና አስፈርሚ። አየር የያዙ እብጠቶች ባሉት መጠቅለያ ላስቲክ ስትጠቀሚ እብጠቱ ወደ ውጭ ይሁን፤ ወደ ሥዕሉ ከዞረ ክብ ክብ ምልክት ይተዋል።

አዳራሹን ለፈቀደልሽ ሰው ግድግዳውን እንደነበረ መልሺለት። ቀዳዳዎቹን በስቱኮ ድፈኚ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሺ። ስቱኮ ቀለም ይመጥጣልና የመጀመሪያውን ዙር ቀጠን አድርጊው። በብሩሽ ሳይሆን በትንሽ ሮለር ቀቢ፤ ግድግዳው በሮለር የተቀባ ስለሆነ የብሩሽ ፈለግ በመብራት ጊዜ ይለያል። የተረፈውን ቀለም በጠርሙስ አድርገሽ ቁጥሩን ጽፈሽበት ለእሱ ተዪለት።

የዕድሩ 40 ወንበርና 60 ብርጭቆ ቀርቷል። ብርጭቆዎቹን አጥበሽ አድርቂ፣ ቁጠሪ፤ የተሰበረውን ያው ዓይነት ገዝተሽ ተኪ፣ ዓይነቱ ከጠፋ ዋጋውን ክፈዪ። ወንበሮቹን ስትጭኚ እግራቸው እንዳይጠማዘዝ አጥፈሽ በጎናቸው ደርድሪ። የዕድሩ ንብረት ያዥ የሚገኙት ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ብቻ ስለሆነ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ኢሱዙውን ከአሁኑ ተነጋገሪ፤ ሲረከቡሽም መዝገቡ ላይ «ተመልሷል» ብለው ሳይፈርሙ አትውጪ።

እናትሽ