ስለ ተለማማጆቻችን፦ ለሰው ሀብት ኃላፊዋ ጓደኛዬ

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆችሽስ፣ እናታችንስ እንዴት ናቸው? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ሆነን፤ አንቺ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወርሽ፣ እኔም ከማሠልጠኛ ክፍል ወጥቼ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጃችን የትብብር ሥልጠና አስተባባሪ ሆንሁ፤ ወሬሽንም የምሰማው ከጋራ ወዳጆቻችን ብቻ ነበር። ሰሞኑን የአንድ ትልቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊ ሆነሽ መሾምሽን ስሰማ ከልቤ ደስ አለኝ፤ እንኳን ደስ አለሽ። ይሁንና ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ለደስታ መግለጫ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ በእጅሽ ያለው ሥልጣን እኔ ዘወትር ደጅ የምጠናበት ሥልጣን ስለሆነ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ለልምምድ ስለሚመደቡት ወጣቶች የማስበውን ሁሉ ላካፍልሽ ፈልጌ ነው።

እንደምታውቂው፣ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኝ ሙያውን በሁለት ቦታ፣ በኮሌጅና በሥራ ቦታ፣ እንዲማር ነው የታሰበው፤ የትብብር ሥልጠና የምንለውም ይህንኑ ነው። በአዋጅ ቁጥር 391/1996ም ሆነ እርሱን በተካው በአዋጅ ቁጥር 954/2008 ሥልጠናው ከሥራ ቦታ ጋር እንዲተሳሰር ተፈልጓል፤ ከሠልጣኙ ጊዜ 70 በመቶው ለተግባር፣ 30 በመቶው ለንድፈ ሐሳብ ይሁን የሚለውም አባባል ከኮሌጅ እስከ ሚኒስቴር ሁላችንም አፍ ላይ ያለ ነው። ሥልጠናውንና የሥራ ስምሪቱን አንድ ላይ የያዘው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም በ2014 ዓ.ም. ተቋቁሟል። ስለዚህ የሕግና የፖሊሲ እጥረት አለብን ብዬ አላማርርም። እኔን የሚያሳስበኝ ሠልጣኙ «አፓረንት ወጣሁ»፣ ማለትም ለሥራ ላይ ልምምድ ወጣሁ፣ ብሎ ደብዳቤውን ይዞ የመሥሪያ ቤቱን በር ካለፈ በኋላ የሚገጥመው ነገር ነው።

አንድ የማልረሳው ነገር ልንገርሽ። በቧንቧ ሥራ የምትሠለጥን አንዲት ጎበዝ ልጅ ወደ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መድበን ነበር። የልምምዱ ጊዜ አልቆ የሥልጠና መዝገቧን ስታስረክበኝ ገጾቹ በሙሉ ተፈርመዋል፤ ማኅተምም አላቸው። ምን ምን እንደሠራች ስጠይቃት ግን ደብዳቤ ስታደርስ፣ ፎቶ ኮፒ ስታነሣና ከመዝገብ ቤት ፋይል ስታመላልስ እንደ ከረመች፣ የቧንቧ መፍቻ አንድም ቀን እንዳልጨበጠች አንገቷን ደፍታ ነገረችኝ። በዚያው ዓመት ወደ ሌላ ከተማ የተመደበ የክፍል ጓደኛዋ ደግሞ ጡረታ ሊወጡ በተቃረቡ አንድ ባለሙያ እጅ ወደቀ። ሰውየው ልጁን ከጎናቸው አልለዩትም፤ ሌሊት የፈነዳ መስመር ሲጠገን ይዘውት ወጥተዋል፤ የትኛው ቫልቭ የትኛውን ሰፈር እንደሚዘጋ፣ የድሮው መስመር በየትኛው አጥር ሥር እንደሚያልፍ፣ ግፊት ሲቀንስ መጀመሪያ ወዴት መታየት እንዳለበት አስተምረውታል። ሁለቱ ልጆች የተማሩት ከአንድ አሠልጣኝ፣ በአንድ ወርክሾፕ፣ በአንድ የሙያ ደረጃ ነበር። ለብቃት ምዘና ሲቀርቡ ግን አንደኛው በሙሉ ልብ ነበር የቀረበው፤ ሌላዋ ግን ገና መዛኙን ስታየው እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህ ልዩነት በልጅቱ ስንፍና እንዳልመጣ አንቺም ትረጂኛለሽ።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ብዙ አስቤበታለሁ፤ ዋናውን ምክንያት በውሉ ላይ ያገኘሁት ይመስለኛል። የትብብር ሥልጠናን ሐሳብ የወሰድነው በአመዛኙ ከጀርመኖች ነው። በእነርሱ አገር ተለማማጁ የሥልጠና ውል የሚፈራረመው በቀጥታ ከአሠሪው ጋር ነው፤ በየወሩ ክፍያ ያገኛል፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ወደ ሙያ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ በቀሩት ቀኖች የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሆኖ ይሠራል፤ ይህም ለፋብሪካ ብቻ ሳይሆን ለማዘጋጃ ቤትና ለሌላውም የመንግሥት አስተዳደር ጭምር ነው፤ የቢሮ አስተዳደር ሥራን ሦስት ዓመት ተለማምዶ የሚመረቅ ወጣት በዚያ አገር የተለመደ ነው። እኛ ዘንድ ግን የመግባቢያ ሰነዱን የሚፈራረሙት ኮሌጁና መሥሪያ ቤቱ ናቸው። ሠልጣኙ በሰነዱ ውስጥ በቁጥር ይጠቀሳል እንጂ ፈራሚ አይደለም፤ ስለዚህ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ እንደ እንግዳ ይቆጠራል። እንግዳን ደግሞ ወንበር ይሰጡታል እንጂ ሥራ አያዙትም።

ሁለተኛው ምክንያት በቀጥታ የአንቺን ክፍል ይመለከታል። አንድ የመንግሥት ባለሙያ በዓመቱ አጋማሽና መጨረሻ በሥራ አፈጻጸሙ ሲመዘን፣ ሠልጣኝ ተቀብሎ በማስተማሩ የሚያገኘው ነጥብ የለም፤ ባለማስተማሩም የሚጠይቀው የለም። በእቅዱ ውስጥ ያልሰፈረን ሥራ፣ የራሱ ሥራ እየጠበቀው፣ በበጎ ፈቃዱ ብቻ እንዲሠራ ነው የምንጠብቅበት። ከላይ የነገርሁሽ አዛውንት ያንን ሁሉ ያደረጉት ማንም ሳያዛቸው፣ ሙያቸውን ስለሚወዱ ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች መኖራቸው እድላችን ነው፤ ነገር ግን የአንድ አገር የሥልጠና ሥርዓት በእድል ላይ መቆም የለበትም።

ጡረታን ካነሣሁ አይቀር ይህንንም ልጨምር። የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ይሰናበታል፤ የሽኝት ግብዣ ይዘጋጅለታል፤ ካባ ይደረብለታል፤ በማግሥቱ ግን በአእምሮው ይዞት የሄደው እውቀት ያስፈልጋል። በብዙ ከተሞቻችን የድሮ የውኃ መስመሮች ሙሉ ካርታ የላቸውም፤ ካርታቸው የሠራተኞቹ ትዝታ ነው። በመሬት ይዞታ ፋይል፣ በትራንስፎርመር ጥገና፣ በሆስፒታል የሕክምና መሣሪያ እድሳትም ያው ነው። ይህን እውቀት በአንድ ሳምንት የርክክብ ወረቀት ማስተላለፍ አይቻልም። የሚተላለፈው ወጣቱ ከባለሙያው ጎን ሆኖ ወራት ሲያሳልፍ ነው። ተለማማጅ መቀበል ለኮሌጁ የሚደረግ ውለታ ተደርጎ ሲታይ በጣም የምከራከረው ለዚህ ነው፤ ከእኛ ይልቅ የሚጠቀመው መሥሪያ ቤቱ ነው።

መንግሥት ይህን ማድረግ አይችልም እንዳትዪኝ፤ በሰፊው አድርጎት አይተናል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረውን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አስቢው። 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶች ከሚያገለግሉበት አካባቢ ተመርጠው፣ በቴክኒክና ሙያ ተቋማት ውስጥ ለአንድ ዓመት ሠለጠኑ፤ የሥልጠናቸውም ዋናው ክፍል በክፍል ውስጥ ሳይሆን በማኅበረሰቡ መካከል የሚደረግ ልምምድ ነበር። ከዚያም ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተመደቡ፤ መጸዳጃ ቤት ከማስቆፈር እስከ ክትባትና የቤተሰብ ምጣኔ የሚደርሱ 16 የጤና ፓኬጆችን ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆነ። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1990 ከነበረው የሕፃናት ሞት ሁለት ሦስተኛውን ለሚሌኒየሙ የልማት ግብ ከተያዘው ጊዜ ቀድማ ስትቀንስ የእነዚህ ሴቶች ድርሻ ከፍተኛ እንደነበር ብዙዎች ይመሰክራሉ። በእኔ አስተያየት ፕሮግራሙን ያጸናው ዋናው ነገር ሥልጠናውና ሥራው ሳይነጣጠሉ መታቀዳቸው ነው፤ ልጅቱ ስትመለመል የምትመደብበት ቀበሌ ይታወቅ ነበር፤ የምትማረውም ነገ የምትሠራውን ነበር። ጉድለትም ነበረበት፤ ከተመደቡ በኋላ ብዙዎቹ የማደጊያ መንገድ ጠቦባቸው ቆይተዋል፤ ወደ ደረጃ 4፣ ማለትም ከፍ ወዳለ የሙያ ብቃት ደረጃ፣ የማሳደጉ ሥራ ኋላ ላይ ነው የመጣው። የአንቺ መሥሪያ ቤት ከሁለቱም ሊማር ይችላል።

የአየር መንገዳችንም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1945 ሲመሠረት አብራሪውም፣ ጥገናውም፣ አስተዳደሩም በአሜሪካው አየር መንገድ በቲ.ደብሊው.ኤ. ሰዎች እጅ ነበር። ኢትዮጵያውያን ከባዕዳኑ ጎን ቆመው እየተለማመዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ። ሩብ ምዕተ ዓመት የፈጀ ልምምድ ነው፤ ግን ታቅዶ የተሠራ በመሆኑ ዛሬ ድርጅቱ የራሱን ቴክኒሻኖችና አብራሪዎች ከማፍራት አልፎ የሌሎች አፍሪካ አገሮችን ልጆች ያሠለጥናል። በሆስፒታሎቻችንም ቢሆን፣ በኢንተርንነት፣ ማለትም በሆስፒታል ልምምድ፣ ዘመኑ በሽተኛ ሳይከታተል ሐኪም የሚሆን የለም። ሐኪምን ያለ ልምምድ የማይቀበል መንግሥት፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛን፣ ቀያሽን ወይም የመዝገብ ባለሙያን ለምን ያለ ልምምድ ይቀበላል?

እንግዲህ ምን እንድታደርጊ እንደምፈልግ በግልጽ ልጻፍልሽ። ከሁሉ አስቀድሞ የምጠይቅሽ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ ከመሥሪያ ቤትሽ ባለሙያዎች መካከል በስም የሚታወቅ አንድ አሠልጣኝ እንድትመድቢና ይህ ኃላፊነት በሰውየው የሥራ እቅድና የአፈጻጸም ምዘና ውስጥ እንዲገባ ነው። ይህ አንድ ነገር ከተደረገ የቀረው አብዛኛው በራሱ ይስተካከላል ብዬ አምናለሁ። ቀጥሎም ሠልጣኙ ከመምጣቱ በፊት፣ ከሙያ ደረጃው፣ ማለትም ሙያው ከሚጠይቃቸው ተግባራት ዝርዝር፣ ውስጥ የትኞቹን ተግባራት በእናንተ ዘንድ እንደሚለማመድ ከእኛ አሠልጣኞች ጋር ተቀምጣችሁ በጽሑፍ እንድትወስኑ ነው። የማትችሉትን አንችልም በሉን፤ ለዚያ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። ለመስክ የሚወጣ ልጅ የደህንነት ጫማና የራስ ቁር እንዲኖረው፣ ጉዳት ቢደርስበት ማን እንደሚያሳክመው በስምምነቱ ውስጥ እንዲሰፍር አደራ እልሻለሁ፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው።

የትራንስፖርት ነገርም ቀላል አይደለም። ብዙዎቹ ሠልጣኞቻችን የታክሲና የምሳ ገንዘባቸውን ከቤተሰብ ነው የሚያገኙት፤ ቤተሰብ ሲያቅተው ልጁ ልምምዱን ያቋርጣል፤ እኛም «ጠፋ» ብለን እንመዘግበዋለን። በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔትና የሥራ ፕሮጀክት ወጣቶችን ለ6 ወር በሥራ ላይ ሲያለማምድ ድጎማ የከፈለው ይህንን ተገንዝቦ ይመስለኛል። መሥሪያ ቤትሽ ትልቅ ክፍያ እንዲመድብ አልጠብቅም፤ የሠራተኞች ሰርቪስ ካላችሁ ሠልጣኞቹም እንዲሳፈሩበት መፍቀድ ብቻ ብዙ ልጆችን ያቆያል።

ስለ ሕጉ ደግሞ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ተለማማጅነት ውል ሲደነግግ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ ክፍያውና የሥራው ሁኔታ በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ውሉ ሲያበቃም ለተለማማጁ ምስክር ወረቀት እንዲሰጠው ይጠይቃል። የመንግሥት ሠራተኞች በራሳቸው አዋጅ ስለሚተዳደሩ ይህ ድንጋጌ እናንተን በቀጥታ አይገዛችሁም፤ መንፈሱን ከመከተል ግን የሚከለክልሽ ያለ አይመስለኝም። በተለይ የምስክር ወረቀቱ ነገር ያሳስበኛል። «በሙያው ሥልጠና አድርጋለች» ከሚል ደረቅ ደብዳቤ ይልቅ ልጅቱ የሠራቻቸውን ሥራዎች የሚዘረዝር ወረቀት ቢሰጣት፣ የሁለት ዓመት ልምድ በሚጠይቅ ማስታወቂያ ፊት ባዶ እጇን አትቆምም።

አንድ ነገር እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ፤ ከድሮ ጀምሮ ለፍትሕ የምትቆረቆሪ ነሽና፣ ልምምዱ ለዘመድ አዝማድ የጓሮ በር እንዳይሆን ትሰጊያለሽ። ስጋትሽ ተገቢ ነው። ስለዚህ ለተለማማጆቻችን የሥራ መደብ እንድታስቀምጪልን አልጠይቅም፤ ቅጥሩ በግልጽ ማስታወቂያና በውድድር ይሁን። ምደባውም በትውውቅ ሳይሆን ኮሌጁ በውጤትና በመኖሪያ አካባቢ ለይቶ በሚልከው ዝርዝር ይሁን። የምጠይቅሽ ለዜሮ ዓመት ልምድ በሚወጡት መደቦች ላይ የተግባር ፈተናው እውነተኛ እንዲሆን ነው፤ የተለማመደ ልጅ በእንዲህ ያለ ፈተና ያለ ማንም እርዳታ ራሱን ያሳያል። በሌላ በኩል ደግሞ ተለማማጆችን ያልተሟሉ መደቦች ማሟያ አድርጎ፣ ያለ ክፍያ ሙሉ ሥራ ማሠራትም አለ፤ ይህን ባየሁ ጊዜ ልጆቹን አስወጥቼ አውቃለሁ፤ ወደፊትም አስወጣለሁ። በአንቺ ቤት ይህ እንደማይሆን እተማመናለሁ።

የሚቀጥለውን ዙር ሠልጣኞች የምንመድበው ከጥምቀት በኋላ ነው። በቧንቧ፣ በኤሌክትሪክ፣ በቅየሳ፣ በኮምፒዩተር ጥገናና በጽሕፈት ሥራ የሚሠለጥኑ ልጆች አሉን። በመጀመሪያው ዙር ጥቂት ብቻ ብትቀበዪና በደንብ ቢያዙ፣ ብዙ ተቀብለሽ ከሚበተኑ ይሻለኛል። የትኞቹ ክፍሎች እንደሚቀበሉ፣ ለአሠልጣኝነት የምታስቢያቸውም ባለሙያዎች እነማን እንደሆኑ ከገና በፊት ብትጽፊልኝ፣ እኔ ራሴ ከአሠልጣኞቻችን ጋር መጥቼ ባለሙያዎቹን አነጋግራለሁ፤ በዚያው እናንተም ቤት ጎራ እላለሁ። ጡረታ የሚወጡበት ጊዜ የቀረበ ሠራተኞች ካሏችሁ ስማቸውን ከሁሉ በፊት ላኪልኝ፤ የመጀመሪያዎቹን ልጆች ለእነርሱ ነው መስጠት የምፈልገው።

ለእናታችን የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ልጆችሽን ሳሚልኝ። ደብዳቤሽን በናፍቆት እጠብቃለሁ።

አክባሪሽና ወዳጅሽ