ሳልመልስልህ የቆየሁት የአሚን ጥያቄ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር እንኳ ሳልጽፍልህ በመቅረቴ ይቅርታህን እለምናለሁ፤ ስንለያይ ያነሣኸውን ጥያቄ በወጉ ሳልመልስልህ ብዕር ማንሣት ከብዶኝ ነበር። ትራይኤቲልአሚንና ዳብኮ ሁለቱም አሚኖች ናቸው፤ ማለትም በናይትሮጅናቸው ሃይድሮጅን የሚቀበሉ ቤዞች። ትራይኤቲልአሚን ከዳብኮ የበረታ ቤዝ ሆኖ ሳለ የስፖንጅ ፍራሽ የሚያመርቱ ሰዎች ውሕደቱን ለማፋጠን ስለ ምን ዳብኮን እንደሚመርጡ ነበር የጠየቅኸኝ።

ግርምትህ ተገቢ ነበር። በውሃ ውስጥ የትራይኤቲልአሚን ፒኬኤ (ከፍ ባለ ቁጥር ቤዙ መበርታቱን የሚያሳይ መለኪያ) 10.7 ገደማ፣ የዳብኮ ደግሞ 8.8 ገደማ ነውና፣ ነገሩ በቤዝነት ብቻ ቢወሰን ኖሮ ዳብኮ ወደ ኋላ በቀረ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ቅርጻቸው ነው፤ የትራይኤቲልአሚን ሦስቱ የኤቲል ክንዶች እየተወዛወዙ የናይትሮጅኑን ነጻ የኤሌክትሮን ጥንድ ሲጋርዱት፣ በዳብኮ ግን ክንዶቹ ወደ ኋላ ተስበው ስለታሰሩ ሁለቱም ናይትሮጅኖች ያለ ግርዶሽ ተገልጠው ይገኛሉ።

የስፖንጁ ግብዓቶች የሆኑት አልኮልና አይሶሳያኔት ተዋሕደው የስፖንጁን አካል ዩረቴንን ሲሠሩ አሚኑ ስለሚሠራው ሥራ ሁለት የቆዩ ማብራሪያዎች አሉ። በቤከር ስም የሚጠራው አሚኑ አስቀድሞ የአይሶሳያኔቱን ካርቦን ይይዛል ሲል፣ በፋርካሽ ስም የሚጠራው ደግሞ የአልኮሉን ሃይድሮጅን ወደ ራሱ እየሳበ ኦክስጅኑን ያነቃዋል ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ሆኖም እዚህ የደረስሁት ብዙ ወራት ካባከንሁ በኋላ ነው። ውሕደቱ የሚጠይቀውን ጉልበት ማስላት የጀመርሁት በአንዲት የሜታኖል (ከአልኮሎች ትንሹ) ሞለኪውል ብቻ ነበርና፣ ሁለተኛዋን ስጨምር ሃይድሮጅኑ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየተቀባበለ የሚያልፍበት መንገድ ተከፈተ፣ ሊሻገሩት የሚገባው የጉልበት ኮረብታም ዝቅ አለ፤ ያን ጊዜ ሁሉንም እንደገና መሥራት ግድ ሆነብኝ። በክፍል ሙቀት በአንድ ሞል 1.4 ኪሎካሎሪ ብቻ መሳሳት የፍጥነቱን ግምት አሥር እጥፍ ያዛባዋልና፣ የአንድን አሚን ቁጥር ለብቻው ከማመን ይልቅ አሚኖችን እርስ በርስ ማነጻጸርን መርጫለሁ።

ይህን ሁሉ የምደክምበት ምክንያት አለኝ። እንደ ዳብኮ ያሉት አሚኖች ስለሚተኑ በፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎችን ዓይን ጭጋግ ያለብሳሉ፤ ሃይድሮክሲል (እንደ አልኮል ያለ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ) ያለው አሚን ግን ራሱ ከአይሶሳያኔቱ ጋር ተሳስሮ በስፖንጁ ውስጥ ይቀራል። ጭንቀቴ ያ ሃይድሮክሲል ናይትሮጅኑን መልሶ እንዳይጋርደው ነው። አንተ ቤተ ሙከራ አለህና ከዳብኮ ጎን ሃይድሮክሲል ያለውን ዳይሜቲልኢታኖልአሚንን አስቀምጠህ የሁለቱን ፍጥነት ብትለካልኝ፣ ቁጥሮችህን ከስሌቴ ጋር አስተያይቼ ወዲያው እጽፍልሃለሁ።

እናትህን በአክብሮት ሰላም በልልኝ።

የማይረሳህ ወንድምህ