ለልጄ ለዳዊት፦ ስለ ደም ግፊትህ

ይድረስ ለልጄ ለዳዊት፣

እንደምን ከርመሃል? ሄለንና ትንሿስ ደህና ናቸው? እኛ እዚህ ሰንዳፋ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ብርዱ ብቻ ነው ያስቸገረን።

«ግፊትህ 150 በ95 ነው አሉኝ» ካልከኝ በኋላ «ቀጭን ነኝ፣ አላጨስም፣ ጮማም አላበዛም፤ ታዲያ ከየት መጣብኝ?» ብለህ ነበር። ልመልስልህ ስል መስመሩ ተቋረጠ። ነገሩም ለስልክ ስለሚረዝም ይኸው ጻፍኩልህ።

የተወለድከው በ1977 ነው፤ ዘመኑን ሲወራ ሰምተሃል። እናትህ አንተን ስታረግዝ ቤታችን የሚበላው በስፍር ነበር፤ ውኃውንም እስከ ወሯ ድረስ በጀርባዋ ትቀዳ ነበር። የመጣኸው እቤት ነው። እኔ ያኔ ጤና ረዳት ነበርኩና ሚዛኑን ከክሊኒኩ አምጥቼ መዘንኩህ፤ 2 ኪሎ ከ200 ግራም። ከ2 ኪሎ ተኩል በታች የሆነ ሕፃን ክብደቱ ዝቅተኛ ተብሎ ይመዘገባል። ካርድ ስለሌለህ ይህን ቁጥር ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። ለሐኪምህ ንገረው።

ምን ይረባዋል ትል ይሆናል። እንግሊዝ አገር፣ ሄርትፎርድሻየር በሚባል አውራጃ፣ ነርሶችና አዋላጆች ሕፃናቱን ሲወለዱና ዓመት ሲሞላቸው እየመዘኑ በመዝገብ ያሰፍሩ ነበር። ዴቪድ ባርከር የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር መዝገቡን አግኝቶ እ.ኤ.አ. ከ1911 እስከ 1930 የተወለዱ 5,654 ወንዶች የደረሱበትን ፈለገ። በ1989 ባሳተሙት ውጤት፣ ሲወለዱም ዓመት ሲሞላቸውም ክብደታቸው ዝቅ ያለው ሰዎች በልብ ደም ሥር ሕመም በብዛት ሞተው ተገኙ። ሆላንድ ውስጥም በ1944 እና 45 የጦርነት ረሃብ ጊዜ፣ በእርግዝናው መጀመሪያ ወራት እናቶቻቸው የተራቡባቸው ልጆች ካደጉ በኋላ በዚሁ ሕመም ይበልጥ ተይዘዋል። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ሕፃን ስመዝን ሐሳቤ የወሩ ሪፖርት ላይ ነበር!

ይህ ከግፊት ጋር ምን አገናኘው ካልከኝ፣ አንዱ ምክንያት ኩላሊት ነው። ደም የሚያጣሩት ጥቃቅን ወንፊቶች ተሠርተው የሚያልቁት ልጁ ማሕፀን ውስጥ እያለ ነው፤ ጊዜውን ጠብቆ ለተወለደ ልጅ ከዚያ ወዲያ አይጨመሩለትም። እናቱ የተራበችበት ልጅ ወንፊቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል። ያሉት የሌሎቹንም ሥራ ደርበው ይሠራሉ፣ ጨውን ማስወጣት ይከብዳቸዋል፣ ግፊቱም ከዕድሜ ጋር እያደር ይወጣል። የአንተ ከዚህ ነው ብዬ መማል አልችልም። የቅጥነትህን ነገር ይዘህ ግን ምርመራውን እንዳትተወው። አንድ ቀን ተለክቶ አያበቃም፤ ዐረፍ ብለህ ተቀምጠህ በሌላ ቀን አስለካ፣ ኩላሊትህንና ሽንትህንም ይዩልህ። መድኃኒት ካዘዙልህም «ተሻለኝ» ብለህ በራስህ አታቋርጥ።

ስለ ትንሿም ላንሣ። ቀጠነች ብላችሁ ቶሎ ለማወፈር አትጣደፉ፤ አነስ ብሎ ተወልዶ በልጅነቱ በፍጥነት የሚወፍር ልጅ ኋላ ለልብም ለስኳርም ይጋለጣል። ጉሮሮዋን ካመማትና ካተኮሳት ደግሞ «እንጥሏን አስቆርጡ» የሚል ጎረቤት አይጠፋም፤ አንተንም ሊያስቆርጡብኝ ነበር፣ እኔ እንቢ ብዬ ነው። ጤና ጣቢያ ውሰዷት። አንዳንዱ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር፣ በተለይ ሲመላለስ፣ የልብን ቫልቭ ያበላሻል፤ ብዙ ሰው በሚተኛበት ጠባብ ቤት ደግሞ ቶሎ ይዛመታል። ጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የሕፃናት የልብ ማዕከል ቀዶ ጥገና ከሚጠብቁት መካከል ከዚህ የመጣባቸው አሉ።

ጨው ለአዋቂ ሰው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ ነው የሚመከረው፤ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር የተደባለቀውም ይቆጠራል። ለዚህ ነው ቅዳሜ በሹፌሩ የምንልክልህ በርበሬ ጨው ያልገባበት። እናትህ «ይሄ ደግሞ በርበሬ ነው?» እያለች ነው ያስፈጨችው፤ ስትደውልላት ጣፈጠኝ በላት።

አባትህ