ደንበኛው ባይከፍልስ?

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። አነስተኛ ድርጅቶች ያልተከፈሉ ኢንቮይሶቻቸውን፣ ማለትም ለደንበኛ የላኩትን የክፍያ መጠየቂያ፣ ይዘው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ማግኘት እንደሚችሉ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጉዳዩን በማንሳታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ቤት ወይም መኪና ካላስያዘ ገንዘብ የሚያገኝ የማይመስለው ነጋዴ ብዙ ነው። ጽሑፉ ግን አንድ ጥያቄ ዘሎታል። ደንበኛው ባይከፍልስ? ያኔ የሚከፍለው ማን ነው? እኔ ይህን ሳልጠይቅ ውል ፈርሜ ያየሁትን አይቻለሁ። ሌላው ሰው ጠይቆ ይፈርም ብዬ ነው የምጽፍላችሁ።

የማሸጊያ ካርቶን የምታመርት ትንሽ ድርጅት አለችኝ። ደንበኞቼ ትልልቅ ናቸው። ትልቅ ደንበኛ ማግኘት ደስ ይላል። ግን ትልቅ ደንበኛ የሚገዛው በዱቤ ነው። ዕቃውን ዛሬ ይረከባል፣ ገንዘቡን ከ60 ወይም ከ90 ቀን በኋላ ይሰጣል። እሱም ቀኑን ካከበረ ነው። ወረቀት የሚያቀርብልኝ ነጋዴ ካሽ ይፈልጋል። ሠራተኛው ወር ሲሞላ ደመወዙን ይጠብቃል። ኪራይና መብራት ቀጠሮ አያውቁም። መዝገቡ ሲታይ አትራፊ ነኝ፣ ባንክ ያለው ሂሳቤ ሲታይ ግን ምንም የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

እንዲህ ላለ ሰው ኢንቮይስን ወደ ገንዘብ መቀየር ትልቅ እፎይታ ነው። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ዕቃ አስረክባችሁ ያወጣችሁትን ኢንቮይስ ለፋይናንስ ድርጅት ትሰጣላችሁ። ድርጅቱ ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ቀድሞ ይከፍላችኋል። ደንበኛው ሲከፍል የራሱን ክፍያ ቆርጦ ቀሪውን ይመልስላችኋል። ኢንቮይሱን ሸጣችሁ ድርጅቱ ራሱ ከደንበኛው የሚሰበስብ ከሆነ ፋክተሪንግ ይባላል። ኢንቮይሱን አስይዛችሁ፣ ገንዘቡን እናንተው እየሰበሰባችሁ የምትመልሱበትም መንገድ አለ። በዚህኛው ደንበኛው ላያውቅ ይችላል። ሁለቱም ጥሩ ጎን አላቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ድርጅቱ በዋናነት የሚመዝነው የእናንተን ሀብት ሳይሆን የደንበኛችሁን የመክፈል አቅም መሆኑ ነው። ጀማሪ ነጋዴ በደንበኛው ስም ገንዘብ ያገኛል ማለት ነው።

ዋጋው ላይ ግን ቆም ብሎ ማስላት ያስፈልጋል። ጽሑፋችሁ “በወር 3 በመቶ ብቻ” የሚል ምሳሌ ሰጥቷል። እስቲ አብረን እናስላው። ኢንቮይሱ 100 ነው እንበል። ዛሬ 80 ተሰጣችሁ። 3 በመቶው የሚታሰበው ግን በ80ው ላይ ሳይሆን ብዙ ጊዜ በሙሉው 100 ላይ ነው። ደንበኛው በ60 ቀን ቢከፍል የምትከፍሉት 6 ይሆናል። በእጃችሁ የገባው 80 ስለሆነ፣ 80ን ለሁለት ወር ለመጠቀም 6 ከፈላችሁ ማለት ነው። ይህ ለሁለት ወር 7.5 በመቶ ነው፣ በዓመት ሲሰላ ከ45 በመቶ ያልፋል። የእኔ ትርፍ ከ100 ውስጥ 15 ቢሆን፣ 6ቱ ሄዶ የሚቀረኝ 9 ነው። ደንበኛው 30 ቀን ባዘገየ ቁጥር 3 ይጨመራል። ዘገየ የሚባለው እሱ፣ የሚከፍለው እኔ።

ይህን ስል አትግቡበት እያልኩ አይደለም። ጥሩ ሥራ ሊያመልጠኝ ሲል፣ ወይም ወረቀት በጥሩ ዋጋ ሲገኝ፣ 6 ከፍዬም ተጠቅሜያለሁ። የጎዳኝ ዋጋው አይደለም።

አንድ ትልቅ ደንበኛ 6 ሺህ ካርቶን አዘዘን። በሁለት ዙር አስረከብን። በመጀመሪያው ዙር ሁሉም ነገር በደንቡ ሄደ። የመጋዘን ኃላፊው ቆጥሮ ተረከበ፣ ፈረመ፣ ማህተም ተመታ። በሁለተኛው ዙር ሾፌራችን የደረሰው ወደ መውጫ ሰዓት ነው። ማህተሙን የምትይዘው ሠራተኛ ወጥታለች። መጋዘን ውስጥ የነበረው ልጅ ማስረከቢያ ሰነዱ ላይ በእስክሪብቶ “ተረክቤያለሁ” ብሎ ጻፈና ፈረመ። ስሙን አልጻፈም። ቀን አልጻፈም። ስንት ካርቶን እንደተረከበም አልጻፈም። ሾፌራችን ነገ ተመልሰን ማህተም እናስመታለን ብሎ ሰነዱን ይዞ መጣ። በነጋታው ሌላ ጭነት ነበር፣ ተረሳ።

ኢንቮይሱን ለፋይናንስ ድርጅቱ ሰጠሁ። በሦስተኛው ቀን 80 በመቶው ገባልኝ። ደመወዝ ከፈልኩ፣ ወረቀት ገዛሁ። በ75ኛው ቀን ስልክ ተደወለልኝ። ደንበኛው ከሁለተኛው ዙር የተወሰነው ካርቶን እርጥበት ነክቶታል፣ ቁጥሩም ይጎድላል ብሎ የኢንቮይሱን ሙሉ ክፍያ ይዞታል። እርጥበቱ በእኛ መኪና ላይ ይሁን በእነሱ መጋዘን፣ ማረጋገጫ የለኝም። ያለኝ ቀን የሌለው ፊርማ ነው።

ውሉን አወጣሁና አነበብኩት። 4ኛው ገጽ ላይ ነው። ደንበኛው በቀኑ ካልከፈለ ወይም ስለ ዕቃው ቅሬታ ካነሳ፣ ሻጩ ኢንቮይሱን መልሶ ይገዛል ይላል። “መልሶ ይገዛል” የምትለዋን ሐረግ ስፈርም ማየቴን እንኳ አላስታውስም። ፋይናንስ ድርጅቱ ገንዘቡን ቀጥሎ ካቀረብኳቸው ሁለት ኢንቮይሶች ላይ ቆረጠው። የዚያን ወር ደመወዝ በሁለት ጊዜ ከፈልኩ። ሰዎቼ ዝም ብለው ተቀበሉኝ፣ እኔ ግን ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም። ድርጅቱን አልወቅስም፣ የፈረምኩበትን ነው ያደረገው። ግን ዕዳው ከእጄ ወጥቷል ብዬ ሁለት ወር ተኩል በሰላም ተኝቼ ነበር።

ይህ አሠራር ሪኮርስ ይባላል። ደንበኛው ካልከፈለ ገንዘብ የሰጣችሁ ድርጅት ወደ እናንተ ይመለሳል። ያለ ሪኮርስ የሚሠራም አለ፣ ዋጋው ከፍ ይላል። እዚህ ጋር ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልናገር። ያለ ሪኮርስ የሚለው ውል በአብዛኛው የሚሸፍነው ደንበኛው ሲከስር ወይም መክፈል ሲያቅተው ነው። ደንበኛው ዕቃው ተበላሽቷል፣ ጎድሏል፣ የውሉን ያህል አይደለም ካለ፣ ያለ ሪኮርስ የተባለውም ውል ወደ ሻጩ ነው የሚመልሰው። በእኔ ላይ የደረሰው በውድ ዋጋ የተገዛ ውል ይዤም ቢሆን ይደርስብኝ ነበር። ስለዚህ ከወለዱ መጠን በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው፤ በምን በምን ምክንያት ነው ኢንቮይሱ ወደ እኔ የሚመለሰው? በስንት ቀን? ገንዘቡንስ ከየት ነው የምትቆርጡት? መልሱን በቃል አትቀበሉ፣ ገጹን አሳዩኝ በሉ።

ከዚያ ወዲህ ስም፣ ቀን፣ ብዛትና ማህተም ያልያዘ ማስረከቢያ ሰነድ ይዞ መኪናችን ከደንበኛ ግቢ አይወጣም። ካመሸም ያድራል። ኢንቮይሱንም ለፋይናንስ ከመስጠቴ በፊት የደንበኛው ሂሳብ ክፍል ልክ ነው ብሎ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልኝ እጠይቃለሁ። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ችግር ያለው። አንዳንዱ ደንበኛ ያረጋግጣል። አንዳንዱ ደግሞ ኢንቮይሱን ለሌላ ማስተላለፍ ክልክል ነው የሚል አንቀጽ በግዢ ውሉ ውስጥ ያስገባል። ሌላው አንድ ፊርማ ለመስጠት ሳምንታት ይፈጅበታል። ለእሱ አንዲት ፊርማ ናት። ለእኔ ግን ኢንቮይሴ ገንዘብ መሆንና አለመሆኑ በእሷ ላይ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ነገር መላ ተበጅቶለታል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በሜክሲኮ ናፊን የተባለው የመንግሥት ልማት ባንክ በ2001 ባቋቋመው አሠራር፣ ትልልቅ ገዢዎች የአቅራቢዎቻቸውን ተከፋይ ሂሳብ በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ያረጋግጣሉ። አቅራቢው በዚያ ላይ ተመስርቶ ያለ ሪኮርስ ገንዘቡን ቀድሞ ያገኛል። ዋጋው የሚተመነው በትልቁ ገዢ ታማኝነት ስለሆነ ይቀንሳል። የሕንድ ማዕከላዊ ባንክም በ2014 ትሬድስ ለተባለ ተመሳሳይ አሠራር መመሪያ አውጥቷል። እዚያ ገዢው ኢንቮይሱን አንዴ ከተቀበለ፣ ባይከፍል እንኳ ገንዘብ የሰጠው ባንክ ወደ ትንሹ ሻጭ አይመለስም። የማስተላለፍ ክልከላውን በተመለከተ ደግሞ በእንግሊዝና በዌልስ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በተፈረሙ አብዛኞቹ የንግድ ውሎች ውስጥ፣ አነስተኛ አቅራቢ ኢንቮይሱን እንዳያስተላልፍ የሚከለክል አንቀጽ በሕግ ዋጋ የለውም። በ1988 በኦታዋ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የፋክተሪንግ ስምምነትም ወደዚያው ያዘነበለ ነው።

መዘግየቱ ራሱም ገደብ ሊበጅለት ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ባወጣው መመሪያ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመደበኛው በ30 ቀን እንዲከፍል ይጠበቃል። ያዘገየ ወለድ ይከፍላል። የሕንድ የ2006 ሕግም ከአነስተኛ ድርጅት የገዛ ሰው ከ45 ቀን በላይ እንዳያቆይ ያዛል። ሕግ ስላለ ሁሉም በቀኑ ይከፍላል ማለት አይደለም። ነገር ግን አቅራቢው ገንዘቤን ስጡኝ ሲል እንደ ለማኝ አይታይም።

ሌላው በጽሑፋችሁ አንድ መስመር ብቻ ያገኘው የደንበኛው ጆሮ ጉዳይ ነው። ፋክተሪንግ ሲሆን ደንበኛው ክፍያውን ለፋይናንስ ድርጅቱ እንዲያደርግ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ከዚያ በኋላ በስህተት ለእናንተ ቢከፍል ዕዳው አይወርድለትም። ደብዳቤው ቀድሞ ሳትነግሩት ከደረሰው ይህ ሰው ሊከስር ነው ብሎ ያስባል። ስለዚህ ራሳችሁ ቀድማችሁ ደውሉ። እኔ የነገርኳቸው ሁሉ በጨዋነት ተቀብለውኛል። ከሌላ የሰማው አንዱ ግን ቀጣዩን ትዕዛዝ ለሌላ ሰጠ።

አንድን ኢንቮይስ ለሁለት ቦታ መስጠት፣ ወይም ዕቃው ሳይደርስ እንደደረሰ አስመስሎ በኢንቮይስ ገንዘብ መውሰድ ማጭበርበር መሆኑን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ግን ጭንቅ ሲመጣ ነገ ይደርሳል ብሎ ዛሬ ኢንቮይስ የሚቆርጥ ሰው አይቻለሁ። እባካችሁ ይቅርባችሁ።

አዘጋጆች ሆይ፣ በጽሑፋችሁ ፋይናንስ ድርጅቶችን አነጋግራችኋል፣ ገንዘቡን ያገኙ ነጋዴዎችንም አነጋግራችኋል። ሦስተኛው ሰው፣ ማለትም ዕቃውን በዱቤ የወሰደው ትልቁ ገዢ፣ አልተጠየቀም። እባካችሁ እነሱንም ጠይቁልን። ዕቃ ከተረከባችሁ በኋላ ኢንቮይሱን ልክ ነው ብላችሁ ለማጽደቅ ስንት ቀን ይፈጅባችኋል? በግዢ ውላችሁ ውስጥ የማስተላለፍ ክልከላ ያስገባችሁትስ ለምንድን ነው? የሚመልሱላችሁን በገጻችሁ ላይ ለማንበብ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ የካርቶን አምራች